ቁርጥማትና ማዕድ

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር

ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው መሬት ጤፍና ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ፣ ሽምብራና ጓያ የሚበቅልበት ነው። የዛሬው ንግግር ስለ መገጣጠሚያ በሽታና ስለ ምግብ ሲሆን፣ መነሻውን ከዚህች ከተማና ከአካባቢዋ ማዕድ ያደርጋል። ከባሕር ማዶ የተጻፈ የምግብ ምክር ቢነበብ የሚጠቅመው በአገሩ ሞሰብ ላይ ካለው ነገር ጋር ሲመዛዘን ብቻ ነውና።

ለአብነት ያህል ዕድሜዋ ወደ አርባ የተጠጋ አንዲት የዚያ አገር እመቤት በዓይነ ኅሊና ትታይ። ማለዳ ስትነሣ የሁለቱም እጆቿ ጣቶች አልታጠፍ ይሏታል። ጭልፋ ለመያዝ፣ የቡሖ ዕቃውን ክዳን ለማንሣት፣ የልጇን ቁልፍ ለመቆለፍ ይሳናታል። ፀሐይ ሞቅ እያለ ሲሄድ እጇ እየተፍታታ ይመጣና ወደ ረፋዱ ላይ ሥራዋን ትጀምራለች። ይህ ለሁለት ወራት ሲደጋገም ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ይመክሯታል። አንደኛዋ «ብርድ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ አትንኪ» ትላታለች። ሁለተኛዋ «ሪህ ነው፤ ሥጋ ተዪ» ትላለች። ሦስተኛዋ «ጓያ አብዝተሽ በልተሽ ይሆናል» ስትል፣ አራተኛዋ «ሰውነትሽ ደክሟል፤ በየማለዳው የታለበ ትኩስ ወተት ጠጪ» ትላለች። አምስተኛዋ ደግሞ «ተልባ በጥብጠሽ ጠጪ፤ ጾሙንም አጥብቀሽ ያዢ» ብላ ትደመድማለች።

ከእነዚህ ምክሮች አብዛኞቹ በየቦታቸው የእውነት ፍሬ አላቸው። ጉዳቱ የሚመጣው ምክሩ ለአንዱ በሽታ ሆኖ ሕመምተኛዋ በሌላው የተያዘች እንደ ሆነ ነው። መሣሪያ የሚያውቅ ሰው የኩሽኔታ ጩኸት በሰማ ቁጥር ግራሶ አይጨምርም። አስቀድሞ ያዳምጣል፤ ቅባት አልቆ እንደ ሆነ፣ አሸዋ ገብቶ እንደ ሆነ፣ ወይስ ብረቱ ራሱ እየተበላ እንደ ሆነ ይለያል። ስለ መገጣጠሚያ በሽታና ስለ ምግብ የሚነገረውም ሁሉ በዚህ ሥርዓት ቢመረመር መልካም ነው።

ስሙና በሽታው

በአገራችን ሪህ፣ ቁርጥማትና ብርድ የሚባሉት ሦስት ስሞች ብዙ ዓይነት በሽታዎችን በአንድ ከረጢት ይይዛሉ። በአውሮፓም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ባሪንግ ጋሮድ እ.ኤ.አ. በ1848 የሪህ ሕሙማን ደም ከልክ ያለፈ ዩሪክ አሲድ እንዳለበት አሳየ። በኋላም የሕመምተኛውን የደም ውሃ በብርጭቆ ሳሕን አድርጎ፣ ጥቂት አሲድ ጨምሮና ቀጭን ክር ነክሮ በማስቀመጥ፣ የዩሪክ አሲድ ብልጭታዎች በክሩ ላይ ሲሰፍሩ በዓይን የሚታይበትን ቀላል ምርመራ አበጀ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ምልክት የማይገኝበትን ሌላውን የመገጣጠሚያ በሽታ ለይቶ ሩማቶይድ አርትራይቲስ ብሎ ሰየመው። ሁለቱ በሽታዎች በስም የተለያዩት በአንድ ክር ምክንያት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሪህ የሚባለው በመገጣጠሚያ ውስጥ የዩሪክ አሲድ ደቃቅ ብልጭታዎች ሲጠራቀሙ የሚነሣ ሕመም ነው። ብዙውን ጊዜ ጎልማሳ ወንዶችን፣ ሴቶችን ደግሞ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ይይዛል። በሌሊት በድንገት፣ አዘውትሮም በእግር አውራ ጣት ሥር ይጀምራል፤ የአልጋ ልብስ እንኳ እስከማያስነካ ድረስ ያቃጥላል፤ ከቀናት በኋላም ይተዋል።

ሩማቶይድ አርትራይቲስ ግን የሰውነት መከላከያ ኃይል አቅጣጫውን ስቶ የገዛ መገጣጠሚያን የውስጥ ሽፋን ሲወጋ የሚፈጠር ብግነት ነው። ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ የሁለቱን እጆች አንጓዎችና የጣት ሥሮች፣ የእግርንም ጣቶች ባንድነት ይይዛል። ጧት ጧት የሚታየው መገተር ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከመቶው 70 ያህሉም ሴቶች ናቸው። በሽታው ካልተገታ ልመናውን ብቻ ሳይሆን አጥንቱንም ይበላል፤ ይህም ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ መታየት ይጀምራል።

ሦስተኛው ዓይነት በዕድሜና በሸክም ብዛት የመገጣጠሚያ ልመና የሚላላጥበት ሕመም ነው። ይህ በተለይ ጉልበትንና ዳሌን ይይዛል፤ ሲሠሩበት ይብሳል፤ ሲያርፉ ይሻላል።

እንግዲህ ከላይ የተጠቀሰችው እመቤት ሕመም ከሦስቱ ለየትኛው እንደሚቀርብ ግልጽ ነው። ብርድ የዚህ በሽታ ምንጭ አይደለም። ሙቀት ግን ሕመሙን ስለሚያስታግሥ የመጀመሪያዋ ጎረቤት ምክር አይጎዳም፤ ብቻውን አያድንም እንጂ።

ሪህና ሥጋ

«ሥጋ ተዪ» የሚለው ምክር ትክክለኛ ቦታው ሪህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 47,150 ወንዶችን ለ12 ዓመታት ተከታትሎ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ 730 ሰዎች አዲስ የሪህ ሕመም ያዛቸው። ሥጋና የባሕር ምግብ አብዝተው የሚበሉት በሽታው ይበልጥ ሲያገኛቸው፣ ወተትና የወተት ውጤት የሚያዘወትሩት ግን ከሌሎቹ ያነሰ ተያዙ። በዚሁ ዓመት ስለ መጠጥ የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ከአልኮል መጠጦች ሁሉ ቢራ ይበልጥ ለሪህ እንደሚያጋልጥ አመለከተ። ጠላ በዚያ ጥናት ውስጥ ባይገኝም፣ እንደ ቢራው ከብቅልና ከእህል የሚጠመቅ ስለ ሆነ ሪህ ያለበት ሰው በጠላ በኩል ቢጠነቀቅ ተገቢ ነው።

በዚህ ጥናት ውስጥ ለአገራችን ሰው ልዩ ጥቅም ያለው ሌላ ነጥብ አለ። ሪህ ያለበት ሰው ባቄላ፣ አተርና ምስር እንዲተው ብዙ ጊዜ ይመከራል። ነገር ግን ከአትክልትና ከጥራጥሬ የሚገኘው ንጥረ ነገር፣ ሪህን በማስነሣት ረገድ ከሥጋው ጋር እንደማይተካከል ጥናቱ አሳይቷል። ስለዚህ ኑሮው በሽሮ ላይ የተመሠረተን ገበሬ ሽሮ ከልክሎ መሸኘት ያለ በቂ ምክንያት ማስራብ ይሆናል።

ወደ እመቤቲቱ ስንመለስ፣ ሕመሟ ሪህ ካልሆነ ሥጋ መተው የጣቶቿን ብግነት ያጠፋል ተብሎ አይጠበቅም። እንዲያውም ሩማቶይድ አርትራይቲስ ራሱ ጡንቻን የሚያከሳ በሽታ በመሆኑ፣ ቀድሞውንም የከሳች ሴት በፋሲካና በገና ብቻ የምታገኘውን ሥጋና እንቁላል ብትከለከል ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ጓያና ጥሬ ወተት

«ጓያ በልተሽ ይሆናል» ያለችው ጎረቤት የአካባቢውን ታሪክ የምታውቅ ናት። ምግብ የሰውን እግር ሊያሽመደምድ እንደሚችል ከዓባይ ወዲያና ወዲህ የሚኖር ሕዝብ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮው ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በጓያ ምክንያት ሽባ ሆኗል። ጓያ ዝናብ ሲጠፋም፣ ውሃ ሲተኛም ችሎ የሚበቅል እህል ነው፤ ስለዚህ ሌላው አዝመራ ሲከስም የድኻው ተስፋ እርሱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ተመራማሪዎች ከጓያ ፍሬ ውስጥ ለይተው ያወጡት፣ ኦዳፕ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው መርዝ፣ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን የጀርባ አጥንትን ሕብለ ሰረሰር ይጎዳል። ፍሬውን ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላም እህል ጋር ቀላቅሎ መመገብ አደጋውን ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ የጓያ ሽባነት የነርቭ ጉዳት እንጂ የመገጣጠሚያ ብግነት አይደለም። የሚይዘውም እግርን ነው፤ እግሩ ይገተራል እንጂ አንጓው አያብጥም። ጣቶቿ ያበጡባት ሴት በሽታዋን ከጓያ ብታደርግ ምክንያቱን ትስታለች።

አራተኛዋ ጎረቤት የመከረችው ጥሬ ወተት ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በማልታ ደሴት ወታደሮችን የሚያሠቃየውን ትኩሳት ተውሳክ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1905 ቴሚስቶክልስ ዛሚት የተባለው የማልታ ሐኪም ተውሳኩ በፍየሎች ውስጥ እንደሚኖር አረጋገጠ። በተከታዩ ዓመት ለወታደሮቹ የፍየል ወተት መስጠት ቢቆም በሽታው በጦሩ መካከል በአስደናቂ ፍጥነት ቀነሰ። ዛሬ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ይህ በሽታ በጥሬ ወተትና የወረጀች ላም ወይም ፍየል በሚያዋልዱ እጆች በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል። የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። በሉማሜ ዙሪያ እንዳለው ሰውና ከብት ተጠጋግተው በሚኖሩበት አገር፣ መገጣጠሚያው የታመመ ሰው «ጥሬ ወተት ትጠጣለህ ወይ? ከብትስ ወርጆብሃል ወይ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ወተትን ማፍላት ከማንኛውም የመገጣጠሚያ ቅባት የሚበልጥ መከላከያ የሚሆንበት ቤት አለ።

ጾምና ሩማቶይድ አርትራይቲስ

አምስተኛዋ ጎረቤት ስለ ጾም የተናገረችው ከሁሉ ይበልጥ ምርመራ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በኖርዌይ የተካሄደና በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ሩማቶይድ አርትራይቲስ ያለባቸውን 53 ሰዎች በሁለት ክፍል መደበ። 27ቱ ከ7 እስከ 10 ቀን የአትክልት መረቅና የመሳሰለውን ብቻ እየጠጡ ጾሙ። ከዚያም ለሦስት ወር ተኩል ያህል ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ የስንዴና የገብስ ዓይነት እህልም የሌለበት ምግብ ተመገቡ፤ በኋላ ወተትና ሌላው ቀስ በቀስ ተመለሰላቸው። 26ቱ ደግሞ የተለመደ ምግባቸውን ቀጠሉ። በአራት ሳምንት ውስጥ በጾሙት ዘንድ ያበጡና የሚያሙ መገጣጠሚያዎች ቁጥር፣ የጧቱ መገተርና የሕመሙ መጠን ቀነሰ፤ የእጃቸውም የመጨበጥ ኃይል ጨመረ። ከዓመት በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም።

ይህ ለጾመኛ አገር የሚያስደስት ወሬ ነው፤ ግን ልኩን ሳይዙ መናገር አይገባም። አንደኛ፣ የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ምን እንደሚበሉም ራሳቸው ያውቁ ስለ ነበር የተስፋ ኃይል ከምግቡ ኃይል ጋር ሊደባለቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሁሉም እኩል አልተጠቀሙም። ሦስተኛ፣ በሌሎች ጥናቶች እንደታየው፣ በጾም የተገኘው እፎይታ የተለመደው ምግብ ሲመለስ አብሮ ይሄዳል። የዚህ አገር ጾምና የኖርዌዩም አንድ አይደሉም። በሁዳዴ 55 ቀንና ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው ፍልሰታ የሥጋና የወተት ውጤት ይከለከላል፤ ስንዴውና ገብሱ ግን በማዕዱ ላይ አለ። ጤፍ በተፈጥሮው የስንዴው ፕሮቲን የሌለበት ስለ ሆነ፣ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ የሚበላ ሰው ሳያውቀው ወደ ኖርዌዩ ምግብ ይቀርባል። ነገር ግን የስንዴ መተው ብቻውን ይህን በሽታ እንደሚያስታግሥ አልተረጋገጠም።

እ.ኤ.አ. በ2003 በስዊድን የተደረገ ሌላ ጥናት 51 ሕሙማንን ለ12 ሳምንት ተከታትሎ፣ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት የሚበዛበትን የሜዲትራኒያን አገሮች ምግብ የተመገቡት በመጠኑ እንደተሻላቸው አሳይቷል። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2022 ባዘጋጀው መመሪያ፣ ከመድኃኒት ጋር እንዲሄድ በልክ የደገፈው ይህንን ዓይነት አመጋገብ ብቻ ነው። በምስር፣ በሽምብራ፣ በጎመንና በሙሉ እህል የተሞላ የጾም በያይነቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስለ ዘይት

ተልባን በተመለከተ፣ ነገሩ በኬሚስትሪ ይፈታል። ዓሣ ውስጥ የሚገኙት ረጃጅም የኦሜጋ ሦስት ቅባቶች ብግነትን እንደሚቀንሱ ከብዙ ሙከራዎች ይታያል። በቀን ሦስት ግራም ያህል ለሦስት ወር ሲወሰድ የጧቱን መገተርና የማስታገሻ ክኒን ፍላጎት በመጠኑ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ከመድኃኒት ጋር በቀን 5.5 ግራም የወሰዱ አዲስ ሕሙማን ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ገልጿል። ይሁንና ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ መመሪያ የዘይት ክኒን መጨመርን አላበረታታም፤ ስለዚህ ነገሩ ገና የሚያከራክር ነው።

የተልባ ዘይት ከግማሽ የሚበልጠው የኦሜጋ ሦስት ዘር ነው። ነገር ግን አጭሩ ዓይነት ሲሆን፣ ሰውነት ከእርሱ ወደ ረጅሙ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። የኑግ ዘይት ደግሞ አብዛኛው የኦሜጋ ስድስት ነው። እንግዲህ ተልባ መልካም ምግብ ነው፤ ሆድንም ያለሰልሳል፤ የዓሣ ዘይትን ሥራ ይሠራል ማለት ግን አይቻልም። «የመገጣጠሚያው ቅባት ስላለቀ ቅባት ጠጪ» የሚለው አነጋገርም ከኩሽኔታው ምሳሌ ጋር ይታይ፤ በዚህ በሽታ የጎደለው ቅባት ሳይሆን የሚበላው ራሱ ብረቱ ነው።

መድኃኒትና ማዕድ

ምግብ በዚህ በሽታ ላይ ከሁሉ ይበልጥ ኃይል የሚያሳየው ከመድኃኒት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ይባላል። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ የወሰዱት ሰዎች ሞተዋል። ይህ መድኃኒት ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን ሥራ ስለሚያውክ ሐኪም ፎሊክ አሲድ አብሮ ያዝዛል። ጉበትንም ስለሚነካ አረቄና ጠላ ከእርሱ ጋር አይስማሙም። በእርግዝና ጊዜም ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ማስታገሻዎች ሆድን ያቆስላሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት ክኒኗን ማለዳ በባዶ ሆዷ ብትውጥ አደጋው በሁለት በኩል ይሆናል። ከምግብ ጋር መውሰድ ማቃጠሉን ይቀንሳል፤ ቁስሉን ግን ፈጽሞ አይከለክልም። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ አጥንትን ያሳሳል፤ ስኳርና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ይህን የሚወስድ ሰው ጨው መቀነስ፣ የፈላ ወተትና ካልሲየም ያለበት እንደ ጤፍ ያለ እህል ማዘውተር፣ ፀሐይም መሞቅ ይበጀዋል፤ በገዛ ፈቃዱ በድንገት ማቋረጥ ግን የለበትም። የክኒኑን ሰዓትና የጾሙን ሰዓት ማስታረቅ የሐኪሙና የንስሐ አባቱ የጋራ ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ጾምን የማቅለል ልማድ አላትና ሕመምተኛዋ ይህን ለመጠየቅ ልታፍር አይገባም።

ልክና መዝገብ

ምግብ ሕመሙን ይቀሰቅስብኛል የሚል ሰው ቢኖር ንቆ ማለፍ አይገባም፤ ቢለካ ግን ይሻላል። መለኪያውም ውድ አይደለም። ከእንቅልፍ ከተነሡ እስከ እጅ መፍታታት ያለው ጊዜ በደቂቃ፣ ያበጡት መገጣጠሚያዎች ቁጥር፣ የሰውነትም ክብደት በደብተር ይጻፋል። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል እንጂ አምስት ነገር ባንድ ጊዜ አይለወጥም። ለስድስት ሳምንት ያህል ከተተወ በኋላ ምግቡ ይመለሳል፤ ውጤቱም ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ሊታመን ይችላል። ለጾመኛ ሰው ደግሞ ሁዳዴ ራሱ የተዘጋጀ መፈተኛ ነው፤ ከቅበላ በፊት፣ በጾሙ መካከልና ከፋሲካ በኋላ የተመዘገበ ቁጥር ከአሥር ጎረቤት ምክር ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ነው።

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። ምግብ በሽታውን የሚነካውን ያህል በሽታውም ምግቡን ይነካል። ጣቷ የማይታጠፍ ሴት ሊጥ ማሸት፣ በርበሬ መውቀጥ፣ ውሃ መቅዳት አትችልም። ቤተሰቡ እንጀራ ሲያጣ ጎመኑም ምስሩም ከማዕዱ ይጠፋል። ስለዚህ ወፍራም እጀታ ያለው ጭልፋ፣ ባለ ሁለት ጆሮ ድስት፣ በደጅ የቆመ የውሃ ቧንቧና በሰፈር ያለ ወፍጮ ከምግብ ሕክምና ተለይተው የሚታዩ አይደሉም። በዚህ በኩል የዚህ ማኅበር አባላት ድርሻ ከሐኪሙ ድርሻ ያንሳል ሊባል አይችልም።

ክቡራትና ክቡራን፤

የእመቤቲቱ አምስት ጎረቤቶች በክፋት አልመከሩም። ሆኖም የእያንዳንዷን ምክር በተራ ለመሞከር ስድስት ስድስት ወር ቢፈጅ ሁለቱ ዓመት ተኩል ያልፋል፤ በዚያም ጊዜ የተበላ አጥንት በተልባም በጾምም አይመለስም። መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ ወይም ሌላ ሆስፒታል ሄዳ በሽታዋ ይለይላት፤ መድኃኒቷንም ትጀምር። ከዚያ በኋላ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ የጤፉ እንጀራና የፈላው ወተት እያንዳንዳቸው በየመጠናቸው ይረዷታል። ማዕድ የመድኃኒት ረዳት ነው፤ ረዳትን አለቃ አድርጎ መሾም ግን ሥራውንም ረዳቱንም ያበላሻል።